በኤሌክትሪክ ውሃ የሚያሞቅ የሻወር ራስና የቤተ ሰብ ጥንቃቄ

ገላን መታጠብ ለጤና እንደሚበጅ ለእናት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ልጇን በሳፋ አስቀምጣ፥ ውሃውን በክንዷ ለክታ፥ ሳሙና ዓይኑ እንዳይገባ ግንባሩን በመዳፏ ጋርዳ የምታጥበው እሷ ናት። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የመታጠብን ጥቅም ለመናገር የተዘጋጀ አይደለም። የተዘጋጀው መብራትና ቧንቧ በገባበት ቤት ሁሉ ሊሰቀል ስለሚችል አንድ ዕቃ ለማስረዳት ነው። ይኸውም በቧንቧው ጫፍ ላይ ተገጥሞ ቀዝቃዛውን ውሃ እዚያው በኤሌክትሪክ እያሞቀ የሚያወርድ የሻወር ራስ ነው።

ዕቃውን የሚወዱት ሰዎች ምክንያት አላቸው። ዋጋው ከትልቁ ማሞቂያ ከቦይለሩ ያነሰ ነው፤ ቦታ አይዝም፤ ውሃው እስኪሞቅ ቆሞ መጠበቅም የለም። አራስ ሴት በብርድ ማለዳ፥ ወይም ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት፥ እንጨት ሳይፈለጥና ጭስ ዓይን ሳያቃጥል ለብ ባለ ውሃ ቢታጠቡ ምን ይከፋል? ዕቃው በብራዚል አገር ተስፋፍቶ ዛሬ እዚያ በብዙ ሚሊዮን ቤቶች ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ «ይህ ነገር ሰው ገዳይ ነውና አውጥታችሁ ጣሉ» ብለን አንጽፍም።

ዳሩ ግን ብራዚል ተሠርቶበታል ማለት በእኛ ቤት በማናቸውም ሽቦ ላይ ቢቀጠል ደኅና ነው ማለት አይደለም። በዚያው በብራዚል እንኳ በ2006 በፈረንጅ አቆጣጠር የወጣ ሕግ አዲስ የሚሠሩ ቤቶች የመሬት ሽቦ እንዲኖራቸው ያዝዛል። ይህ የመሬት ሽቦ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ወደ ኋላ እንገልጻለን፤ የዚህ ትምህርት ዋናው ፍሬ እሱ ነው።

ውሃውና ኤሌክትሪኩ የሚገናኙበት ቦታ

የሻወሩን ራስ ባለሙያ ሲከፍተው ብታዩ በውስጡ ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛው ስስ ጎማ ነው። ውሃው ገፍቶ ሲመጣ ጎማው ይነሣና ኤሌክትሪኩን ያገናኛል፤ ውሃው ሲቆም ይወርድና ያቋርጠዋል። ቧንቧውን ስንከፍት ብቻ የሚሞቀው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው እንደ ሞላ የተጠመዘዘ ሽቦ ነው። ከኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላ ሥር ያለውን ጠመዝማዛ ሽቦ ያየች እናት ይህን ወዲያው ታውቀዋለች፤ ወንድማማች ናቸው።

ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። የምጣዱ ሽቦ ከሸክላው ሥር በደረቅ ቦታ ነው የሚግለው። የሻወሩ ሽቦ ግን፥ በብዙዎቹ ዓይነቶች፥ ምንም ሳይሸፈን ራቁቱን ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይግላል። ያው ውሃ ነው ወዲያው በራሳችን ላይ የሚወርደው።

ታዲያ እንዴት ሰው ሁሉ አይሞትም? ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያ፥ ብዙ ጨው የሌለበት ውሃ ኤሌክትሪክን እንደ ብረት አያሳልፍም፤ በቀጭን መንገድ ሲያልፍና በወንፊቱ ቀዳዳ ተበታትኖ ሲወርድ የሚያሾልከው ጥቂቱን ነው። ሁለተኛ፥ ያ ጥቂቱ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የመሬቱ ሽቦ ይቀበለውና ወደ መሬት ይወስደዋል። ሁለት ዘበኛ ቆሟል ማለት ነው። የመሬቱን ሽቦ የቆረጠ ሰው አንዱን ዘበኛ አሰናብቷል። የቀረው ዘበኛ ውሃው ነው፤ እሱም ጨው ሲበዛበት ይከዳል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ እንደሚወጣው የአንዳንድ ጉድጓድ ውሃ ጨው ጨው የሚል ውሃ ኤሌክትሪክን አብልጦ ያሳልፋል፤ ደግሞም ሽቦውን ቶሎ ይበላዋል። እንዲህ ያለ ውሃ ባለበት አገር ሽቦው ራቁቱን የሆነ የሻወር ራስ ጨርሶ ባይገዛ ይሻላል። ሽቦው በብረት ቱቦ ውስጥ የተሸፈነበት ዓይነት አለ፤ ሻጩን ጠይቁት።

ስለ መሬት ሽቦ

በክረምት ጎርፍ ቤት እንዳይገባ ከቤቱ ጀርባ ቦይ እንቆፍራለን። ጎርፉ አይቀርም፤ ቦዩ ግን ወደ ቁልቁለቱ ይወስደዋል። ቦይ ከሌለ ጎርፉ በበሩ ይገባና ሰው የተኛበትን ይነካል። የመሬት ሽቦ እንዲሁ ቦይ ነው። ኤሌክትሪክ ከመንገዱ ሲወጣ ሁልጊዜ ወደ መሬት መውረጃ ይፈልጋል፤ ጥሩ ሽቦ ካገኘ በዚያ ይወርዳል፥ ካላገኘ እርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግሩን በቆመው ሰው በኩል ይወርዳል።

ከሻወሩ ራስ ሦስት ሽቦ ይወጣል። ሁለቱ ኃይሉን የሚያመጡና የሚመልሱ ናቸው። ሦስተኛው አረንጓዴ ወይም ቢጫ መስመር ያለበት አረንጓዴ ነው፤ የመሬቱ ሽቦ እርሱ ነው። ክፉው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ሁለቱ ሽቦዎች ከተገናኙ ውሃው ይሞቃል፤ ሦስተኛው ባይታሰርም ውሃው እኩል ይሞቃል። ስለዚህ የሚቸኩል ሠራተኛ አጥፎ በፕላስተር ይጠቀልለዋል ወይም ቆርጦ ይጥለዋል። ባለቤቷም ሙቅ ውሃ ሲወርድ አይታ ሥራው ተፈጸመ ብላ ገንዘቡን ትከፍላለች። ጉድለቱ አይታይም፥ አይሸትም። የሚታወቀው አንድ ቀን የውስጡ ሽቦ ሲበጠስ ወይም የሽቦው ልባስ ቀልጦ ብረቱን ሲነካ ነው።

የመሬቱ ሽቦ ሌላው ጫፍ መሬት ውስጥ መግባት አለበት፤ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። ለዚሁ የተሠራ የመዳብ ወይም መዳብ የተለበጠ ዘንግ እርጥበት ባለው መሬት ውስጥ በጥልቅ ይመታና ሽቦው በእርሱ ላይ በሚገባ ይጠብቃል። በደረቅና በድንጋያማ መሬት አንድ ዘንግ ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ባለሙያው በመሣሪያ ለክቶ መናገር ይገባዋል እንጂ በዓይኑ አይቶ «ይበቃል» ማለት አይገባውም።

በድሮ ጊዜ አንዳንድ ሠራተኞች የመሬቱን ሽቦ በብረት የውሃ ቧንቧ ላይ ያስሩት ነበር። ያን ጊዜም ጥሩ ልማድ አልነበረም፤ አሁን ደግሞ ባዶ ነገር ሆኗል። ከሜዳ የሚመጣው ቧንቧ በብዙ ቦታ ፕላስቲክ ነው፥ ፕላስቲክም ኤሌክትሪክ ወደ መሬት አያወርድም። እንዲያውም የባሰ ነው፤ ከፕላስቲኩ በኋላ በቤት ውስጥ የቀረው ቁራጭ የብረት ቧንቧ ኃይሉን ተቀብሎ ይይዝና በኩሽና ያለውን ቧንቧ የነካ ሁሉ እንዲነዝረው ያደርጋል። በመታጠቢያው የተሠራ ስሕተት በኩሽና ያለችውን ልጅ ይመታል።

ከዚህም ሌላ አንድ የተንኮል ሥራ አለ። አንዳንዱ አረንጓዴውን ሽቦ ኃይሉን ከሚመልሰው ከኒውትራሉ ሽቦ ጋር እዚያው ሻወሩ ላይ ያገናኘዋል፤ «ያው ነው» ይላል። ያው አይደለም። ኒውትራሉ በመንገድ ላይ አንድ ቦታ የተበጠሰ እንደ ሆነ፥ ይህም በነፋስና በዝናብ የሚያጋጥም ነው፥ የሻወሩ ኃይል በሙሉ ወደ ዕቃው አካልና ወደ ውሃው ይመጣል። ከለላ ይሆናል የተባለው ሽቦ ራሱ ገዳይ ይሆናል ማለት ነው።

ብሬከር ሽቦን እንጂ ሰውን አይጠብቅም

ብዙ ሰው ከቆጣሪው አጠገብ ብሬከር ካለ «አደጋ ቢመጣ ራሱ ይጠፋል» ብሎ ይተማመናል። ይህ እምነት ሰው አስገድሏልና እስቲ በቁጥር እንየው።

አንድ 5,500 ዋት የሆነ የሻወር ራስ በ220 ቮልት መስመር ላይ 25 አምፔር ይስባል። ስለዚህ የሚገባለት ብሬከር ወደ 32 አምፔር ያህል ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ይጠፋል። አሁን ደግሞ ሰውን እንመልከት። ከ10 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነ ኃይል ሲያልፍበት የእጁ ጡንቻ ይጨብጥና ልልቀቅ ቢል መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል። ከ30 ሚሊ አምፔር ካለፈና ከቆየ ትንፋሽና ልብ አደጋ ላይ ናቸው። ገላው የራሰ ሰው ግን 220 ቮልት ቢይዘው ከ200 ሚሊ አምፔር በላይ ሊያልፍበት ይችላል። ሚሊ ማለት የአንድ ሺህኛ ክፍል ስለ ሆነ 200 ሚሊ አምፔር የአንድ አምፔር አምስተኛ እጅ ነው። 32 አምፔርን የሚጠብቅ ብሬከር ይህን ከምንም አይቆጥረውም። ሰውየው እየሞተ ብሬከሩ እንደ በራ ይቀራል።

ሰውን የሚጠብቀው ሌላ ዓይነት ማጥፊያ ነው። ሥራው እንደ ጥሩ እረኛ ነው። ጠዋት አርባ በግ አውጥቶ ማታ ሲመልስ ይቈጥራል፤ ሠላሳ ዘጠኝ ከሆነ አንዱ በሌላ መንገድ ሄዷልና ዝም አይልም። ይህም ማጥፊያ በአንዱ ሽቦ የወጣው ኃይል በሌላው ሽቦ እኩል መመለሱን ይቈጥራል። ጥቂቱ ጎድሎ ከተገኘ፥ ይኸውም በውሃ ወይም በሰው በኩል ወደ መሬት ሾልኮ እንደ ሆነ፥ ዓይን ከመጨፈኑ በፊት ያቋርጠዋል። በላዩ ላይ «30 ሚሊ አምፔር» የሚል ምልክት ያለበትን መግዛት ይገባል። ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍም አለበት፤ በወር አንድ ጊዜ ስትጫኑት መጥፋት አለበት። ተጭናችሁት ካልጠፋ ሞቷልና አስቀይሩት።

በአንዳንድ ቤት ይህ ማጥፊያ ሻወሩ በተከፈተ ቍጥር እየጠፋ ያስቸግራል። ሠራተኛውም «ይሄ ነገር ከሻወር ጋር አይስማማም» ብሎ ይነቅለዋል። ሽቦው ራቁቱን የሆነው ዓይነት በእርግጥ ጥቂት ኃይል ያሾልካልና ነገሩ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ውሻ ሌሊት ሌሊት ጮኸ ተብሎ ውሻው አይገደልም። የሚቀየረው የሻወሩ ራስ ነው፤ ሽቦው የተሸፈነበት ሲሆን ማጥፊያው ዝም ይላል።

ስለ ሽቦው ውፍረትና ስለ ኃይሉ ብዛት

5,500 ዋት ምን ያህል እንደ ሆነ እናቶች በምጣድ ቢለኩት ይቀላል። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ነው። እንግዲህ አንድ ሻወር ከአንድ ምጣድ ይበልጣል። ምጣዱ በተጣደ ጊዜ ሽቦው ሲሞቅ ወይም ሶኬቱ ሲጠቁር ያየ ቤት ሻወር መጨመር የለበትም። የግድግዳ ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 16 አምፔር ነው የሚችለው፤ 25 አምፔር የሚስብን ዕቃ በሶኬት ሰክቶ መጠቀም እሳት መጥራት ነው። የሻወሩ ሽቦ ከዋናው ሳጥን ለብቻው የሚመጣ፥ ሌላ ነገር ያልተቀጠለበት፥ ለዚህ ኃይል 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ቢሆን ደኅና ነው። ከሻወሩ ራስ ጋር የሚገናኝበትም ቦታ በሸክላ ማያያዣ ይጠበቅ እንጂ ተጠምዝዞ በፕላስተር አይጠቅለል፤ የተጠመዘዘው ይላላል፥ ይግላል፥ ፕላስተሩም ይቀልጣል።

ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ ተቀጥሎ መብራት የሚያበራ ቤት ብዙ ነው። አምፖልና ራዲዮ ለማብራት ይህ ሽቦ ችሎ ይሆናል። ሻወር ግን በዚያ ላይ ፈጽሞ አይቀጠል። የሚቃጠለው የእናንተ ቤት ብቻ አይሆንም።

ስትገዙ በዕቃው ላይ «220» የሚል ቍጥር መጻፉን ተመልከቱ። ብራዚል ውስጥ ሁለት ዓይነት መስመር ስላለ በ127 ቮልት የሚሠራም ይመረታል። ያንን በእኛ 220 ላይ ብታስገቡት የሚስበው ኃይል ሦስት እጥፍ ይሆንና እዚያው ይነዳል።

የመብራት ሒሳቡን በሚመለከት ብዙ አንልም፤ አሥር ደቂቃ መታጠብ 4,000 ዋት የሆነ ምጣድን 14 ደቂቃ ያህል ከማብራት ጋር እኩል ይቆጥራል።

ሠራተኛው ሲመጣ

ሴት ስለ ኤሌክትሪክ ምን ታውቃለች የሚል አይጠፋም። ገንዘቡን የምትከፍል፥ ልጆቿንም በዚያ ውሃ የምታጥብ እሷ ስለ ሆነች የመጠየቅ መብት አላት። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ልጄ፥ ይቺ አረንጓዴዋ ሽቦ የት ገባች?»

«እማማ፥ እሷ አታስፈልግም፤ ያለሷም ይሠራል እኮ።»

«መሥራቱንማ አየሁት፥ ተባረክ። ሰው እንዳይነዝረው የምታደርገው ግን እሷ ናት አሉ።»

«ምንም አይል፤ በቧንቧው ወደ መሬት ይወርዳል።»

«ቧንቧውማ ፕላስቲክ አይደለም እንዴ? በል እንግዲህ የመሬቱን ዘንግ ሳትመታ ቀሪውን ገንዘብ አልሰጥም። ቡናው እስኪፈላ ጨርሰው።»

ቀሪ ገንዘብ በእጅ ሲኖር ጥያቄ ይሰማል። ሦስት ነገር ይታይ፦ የመሬቱ ሽቦ ከዘንጉ ጋር መታሰሩ፥ ሾልኮ የሄደውን የሚቈጥረው ማጥፊያ መግባቱ፥ ማጥፊያውም ከመታጠቢያው ክፍል ውጭ በደረቅ ቦታ መሆኑ። በመታጠቢያው ውስጥ፥ የረጠበ እጅ በሚደርስበት ቦታ፥ ምንም ዓይነት ማብሪያ ወይም ሶኬት አይደረግ።

በየቀኑ ሲታጠቡበት

ሙቅ፥ ለብ ያለ፥ ቀዝቃዛ የሚያደርገው መዘውር ውሃው እየወረደ በረጠበ እጅ አይነካ። አስቀድሞ በደረቅ እጅ ይስተካከላል፤ ከዚያ ውሃው ይከፈታል። የሚሻለው ከመታጠብ በፊት ሙቀቱን መርጦ፥ ከታጠቡ በኋላም ከውጭ በኩል ማጥፊያውን መዝጋት ነው። ወለሉ ላይ ደረቅ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ጫማ አድርጎ መቆም ይረዳል፤ ነገር ግን ይህ የመሬት ሽቦን አይተካም፤ «ነጠላ ጫማ ካለኝ ምን ቸገረኝ» የሚል ሰው ግድግዳውን በእጁ ሲደገፍ ምን ሊሆን እንደ ሆነ ያስብ።

ስለ መንዘር አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። የቧንቧው እጀታ ሲነካ ጣት ላይ እንደ ጉንዳን ንክሻ ጠቅ የሚያደርግ ከሆነ፥ ወይም ውሃው ራሱ ገላን ነዘር የሚያደርግ ከሆነ፥ ዕቃው በዚያው ሰዓት ይጠፋል፥ እስኪሠራም አይከፈትም። «ለምደነዋል፥ ትንሽ ነው» የሚባል ነገር የለም። ዛሬ ትንሽ የሆነው ወለሉ ደረቅ ስለ ሆነ፥ ወይም እግር ላይ ጫማ ስላለ ይሆናል። ነገ ሕፃን በባዶ እግሩ ሲገባ ያው ኃይል ትንሽ አይሆንም። የሚሸት ፕላስቲክ፥ የጠቆረ ሽቦ፥ ሲከፈት የሚደበዝዝ የቤት አምፖልም እንዲሁ ምልክት ናቸው።

ውሃው ሲቀንስ እንደሚያቃጥል

ከነዛሪው ሌላ የተረሳ አደጋ አለ፤ ይህም ትኩሳቱ ነው። የሻወሩ ራስ የሚሰጠው ሙቀት መጠኑ አንድ ነው፤ ውሃው ግን ይበዛል ያንሳል። በደቂቃ 3 ሊትር የሚወርድ ቢሆን 5,500 ዋት በውሃው ላይ 26 ዲግሪ ያህል ይጨምርበታል። 18 ዲግሪ የነበረው የማለዳ ውሃ 44 ይሆናል፤ ይህ ለትልቅ ሰውም ትኩስ ነው፥ ለሕፃንማ ይበዛል። አሁን ጎረቤት ቧንቧ ከፈተና የእናንተ ውሃ በደቂቃ ወደ 2 ሊትር ወረደ እንበል። በዚያው ቅጽበት 39 ዲግሪ ይጨምርና ውሃው 57 ዲግሪ ይደርሳል። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ የትልቅ ሰውን ቆዳ በአምስት ሰከንድ ገደማ በጥልቅ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ስስ ስለ ሆነ ከዚያም ይፈጥናል።

ስለዚህ ቧንቧን ከፈት ዘጋ እያደረጉ ሙቀት መፈለግ፥ የውሃ ቁጠባም ቢሆን፥ አደገኛ ነው። ሙቀቱን በመዘውሩ ዝቅ ማድረግ እንጂ ውሃውን ማቅጠን አይገባም። ከሮቶ የሚመጣ ውሃ ከሆነ ሮቶው ከሻወሩ ራስ በላይ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ከአንድ ሜትር ካነሰ ጎማው በሚገባ አይነሣም ወይም እየተንቀጠቀጠ ያበራል ያጠፋል። ውሃ ተቋርጦ በተመለሰ ጊዜ አስቀድሞ በቀዝቃዛው በኩል ከፍቶ አየሩን ማስወጣት፥ ከዚያ በኋላ ሙቁን ማብራት ነው። አዲስ የተገጠመም ሲሆን እንዲሁ፤ ውስጡ ደርቆ ሳለ ኃይል ከመጣበት ጠመዝማዛው ሽቦ ወዲያው ይበጠሳል።

ሕፃን በዚህ ሻወር ሥር ቀጥታ አይታጠብ። ውሃውን በሳፋ አጠራቅማችሁ፥ ማጥፊያውን ዘግታችሁ፥ በክርናችሁ ለክታችሁ እጠቡት። ይህን ያደረገች እናት ሁለቱንም አደጋ ከልጇ አርቃለች።

ሰው ኤሌክትሪክ ቢይዘው

ከመታጠቢያ ጩኸት ወይም የመውደቅ ድምፅ ብትሰሙ የእናት አንጀት ሮጦ መያዝ ነው። አትያዙ። ውሃ የተኛበትን ወለልም አትርገጡ። ልጁን የያዘው ኃይል እናንተንም ይይዛል፥ ከዚያ የሚያድን አይኖርም። አስቀድማችሁ ሩጡና ዋናውን ማጥፊያ ዝጉ። ስለዚህ ነው በቤቱ ያለ ሁሉ፥ ትልልቅ ልጆችም ጭምር፥ ማጥፊያው የት እንዳለ ማወቅ ያለባቸው። ማጥፋት ካልተቻለ በደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ሰውየውን ከዕቃው አላቁት፤ እርጥብ እንጨትና ብረት አይሆንም።

ኃይሉ ከጠፋ በኋላ ጥሩት፥ ነቅንቁት፥ ደረቱን ተመልከቱ። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝታችሁ በደረቱ መካከል ሁለት መዳፍ ደራርባችሁ በኃይል ተጫኑ፤ ለትልቅ ሰው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪጎደጉድ፥ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ለልጅ በአንድ መዳፍ፥ ለሕፃን በሁለት አውራ ጣት ይበቃል። ሌላው ሰው መኪና ይፈልግ፥ የጤና ሠራተኛ ይጥራ። መጫኑን እስኪተነፍስ ወይም ርዳታ እስኪደርስ አታቋርጡ። አፈር ማልበስ፥ ወተት በግድ ማጠጣት፥ በጥፊ መምታት አይረዳም፤ ጊዜ ይበላል።

ተነሥቶ «ደኅና ነኝ» ቢልም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ኤሌክትሪክ ከውጭ ትንሽ ጠባሳ አሳይቶ ውስጡን ሊያቃጥል፥ የልብንም ምት ሊያዛባ ይችላል።

በሙቅ ውሃ የተቃጠለ ከሆነ ቦታውን በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያዙት፤ በረዶ ግን አይሁን፤ ሌላው ገላው እንዳይበርደው ሸፍኑት። አምባርና ቀለበት ሳያብጥ አውልቁ። ቅቤ፥ እንቁላል፥ የጥርስ ሳሙና፥ የቡና ዱቄት፥ ጭቃ አትቀቡት፤ ያመረቅዛል። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ውሰዱት። ሕፃን ከሆነ፥ ወይም የተቃጠለው ፊት፥ እጅ፥ ብልት ከሆነ፥ ወይም ከራሱ ከልጁ መዳፍ የሰፋ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይታይ።

የመሬት ሽቦ ለሌለው ቤት

ፍርዳችንን ሳንሸሽግ እንናገራለን፦ የመሬቱ ሽቦና የሚቈጥረው ማጥፊያ ሊገባበት ባልቻለ ቤት ይህ ሻወር አይሰቀል። ተሰቅሎ ከሆነ ሽቦው ተለያይቶ ለቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ያገልግል። ገንዘቡ የወጣበት ስለ ሆነ የሚያሳዝን ነው፤ ሙቅ ውሃ ግን በሌላ መንገድ ይገኛል።

የ20 ሊትር ጀሪካን ከውጭ በኩል ጥቁር ቀለም ቀቡና ውሃ ሞልታችሁ ነፋስ በማያገኘው ቦታ፥ በድንጋይ ወይም በቆርቆሮ ላይ፥ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አኑሩት። ፀሐይ በበረታበት ቀን ከሰዓት በኋላ ለገላ የሚሆን ለብ ያለ ውሃ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ልጆችን ማለዳ ከማጠብ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ማጠብ ይመቻል፤ አየሩም አይበርዳቸውም። በክረምት ወይም ለአራስ በምድጃ የፈላ ውሃ ካስፈለገ በሳፋው ውስጥ አስቀድሞ ቀዝቃዛው ይገባል፥ ከዚያ የፈላው ይጨመርበታል። የፈላው ቀድሞ ከገባ ሕፃን ዞር ስትሉ እጁን ይከትበታል። ጀሪካኑ ቀድሞ የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ከሆነ ግን ለገላም አይሆንም፤ ሰባት ጊዜ ቢታጠብም አይጠራም።